የቢራ ማስታወቂያ ከአየር ላይ ሲወርድ፦ ተቃዋሚ በሌለበት ምክር ቤት የተካሄደ ጉተታ

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ፖለቲካ ሲባል ቶሎ የሚመጣልን ምርጫ፣ ሰልፍና የፓርቲ መግለጫ ነው። የቢራ ማስታወቂያን ከፖለቲካ የሚቆጥር ብዙ ሰው የለም። እኔ ግን ፓርቲ፣ የጥቅም ቡድንና ሚዲያ በአንድ ሕግ ዙሪያ እንዴት እንደሚጓተቱ ማየት ለሚፈልግ ሰው የምጠቁመው ይህንኑ ጉዳይ ነው። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አወረደ። በዜና መሀል፣ በኳስ መሀል፣ በበዓል ፕሮግራም መሀል ይመጣ የነበረው ቢራ ከአየር ላይ ጠፋ።

ጉዳዩን ለየት የሚያደርጉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አዋጁ ሲጸድቅ ምክር ቤቱ ውስጥ አንድም የተቃዋሚ ፓርቲ ወንበር አልነበረም። በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበሮች ኢሕአዴግና አጋር ፓርቲዎቹ ናቸው የወሰዱት። በዚያ ላይ ዜናውን ለሕዝብ ያደርሱ የነበሩት ጣቢያዎች ራሳቸው በአዋጁ ገቢ የሚያጡ ነበሩ።

ግለሰቦችን በስም አልጠራም። ተቋማትን የምጠራው በአደባባይ በሚታወቀው ሥራቸው ብቻ ነው። ዓመተ ምሕረቱ በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሌላ ሲሆን እ.ኤ.አ. እላለሁ።

መነሻው

የኢትዮጵያ ቢራ ፋብሪካዎች በደርግ ዘመን የመንግሥት ነበሩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተሸጡ። የፈረንሳዩ ካስቴል ግሩፕ በቢጂአይ በኩል ቅዱስ ጊዮርጊስን እ.ኤ.አ. በ1998 ገዛ። ሄኒከን በደሌንና ሐረርን እ.ኤ.አ. በ2011 በ163 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ዲያጆ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 ሜታ አቦን በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሀበሻ፣ ራያና ዘቢዳር ተከተሉ። ዳሸን ቀድሞም ነበር። ዳሸንን ያቋቋመው ጥረት ኢንዶውመንት (የንግድ ድርጅቶችን በባለቤትነት የሚይዝ ተቋም) ሲሆን፣ ጥረት ከኢሕአዴግ አባል ድርጅት ከብአዴን ጋር የተሳሰረ ነበር። በኋላ የውጭ ባለሀብት ገባበት። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ይህን ያህል ገንዘብ ያፈሰሰ ድርጅት ቁጭ ብሎ ጠጪ አይጠብቅም። የማስታወቂያው ማዕበል የመጣው በዚህ ነው። በወቅቱ የነበረው ሕግ ደግሞ በሩን ክፍት አድርጎት ነበር። የ2004ቱ የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 በመገናኛ ብዙኃን እንዳይተዋወቁ የከለከለው የአልኮል መጠናቸው ከ12 በመቶ በላይ የሆኑ መጠጦችን ነው። አረቄና ውስኪ ታገዱ። አምስት በመቶ አካባቢ የሆነው ቢራ በሰፊው አለፈ። ያቺ 12 በመቶ የምትል መስመር ለሰባት ዓመት ያህል የስንቱን ጣቢያ የወር ወጪ እንደሸፈነች መገመት አያቅትም።

ጣቢያዎቹም በዚያው ጊዜ በዝተዋል። ኢቢኤስ ቀደም ብሎ ነበር። ቃና በ2008 መጣ። ፋና ቴሌቪዥን ጀመረ። በሳተላይት ሌሎችም ተከተሉ። የኤፍ ኤም ጣቢያም እንደዚሁ። ሁሉም አንድ ገበያ ላይ ነው የወደቁት፤ ማስታወቂያ። በዚያ ገበያ ውስጥ ዘወትር የሚከፍሉት ደግሞ ጥቂት ናቸው። ከእነዚያ ጥቂቶች ውስጥ ቢራ ፋብሪካ ከፊተኞቹ ነበር።

ችግሩ

ቅሬታው የተነሳው ከቤት ውስጥ ነው። ቤተሰብ በበዓል ተሰብስቦ ቴሌቪዥን ሲከፍት፣ የበዓሉ እንኳን አደረሳችሁ የሚመጣው በቢራ ጠርሙስ ታጅቦ ነው። እንቁጣጣሽ በቢራ፣ ገና በቢራ፣ ፋሲካ በቢራ። ጀግንነት፣ አንድነት፣ አገር መውደድ፣ ሁሉም መጨረሻው ላይ ብርጭቆ ይጋጫል። ኳስ ላይ ደግሞ የባሰ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑ በዋልያ ስም ይጠራል፤ ዋልያ የሚባል ቢራ ገበያ ወጣና የቡድኑ ስፖንሰር ሆነ። ቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብም ነው፣ ቢራም ነው። ሐረር ቢራና ዳሸን ቢራ በስማቸው ክለብ ነበራቸው። ለአሥር ዓመት ልጅ ማልያውና ጠርሙሱ አንድ ነገር ነው። ቆርኪ ሥር ሽልማት አለ የሚለው ማስታወቂያም ጠጪውን እንደ ሎተሪ ቆራጭ አድርጎት ነበር።

የጤና ባለሙያዎች ከዚህ በፊትም ይናገሩ ነበር። የጎደለው ድምፃቸውን ወደ ሕግ የሚያደርስ መስመር ነው። ለዚህ አንዱ ምክንያት የ2001ዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 621 ነው። ከ10 በመቶ በላይ ገቢው ከውጭ የሆነ ድርጅት በሰብዓዊ መብት፣ በሕፃናት መብት፣ በፍትሕና በመሳሰሉት ላይ እንዳይሠራ ይከለክል ነበር። ጤና በዝርዝሩ ውስጥ በቀጥታ አልነበረም። የሕፃናት መብት ግን ነበር። ስለዚህ ልጆችን ከአልኮል ማስታወቂያ እንጠብቅ ብሎ መንግሥት ላይ ጫና የሚያሳድር ማኅበር ቀይ መስመር ረገጥኩ ወይ እያለ ነበር የሚራመደው። አብዛኛው ማኅበር ዝም ብሎ አገልግሎት መስጠቱን መረጠ። ሊፈረድበትም አይገባም።

ውጤቱ ምን ሆነ? በአንድ ወገን የሚከፍል፣ የተደራጀና ባለሙያ የቀጠረ የጥቅም ቡድን አለ። በሌላው ወገን የተበተነ ቅሬታ አለ። ሕግ ሲረቀቅ ቢሮ የሚያንኳኳው የትኛው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ማን ምን ይፈልግ ነበር

የቢራ ፋብሪካዎቹ ፍላጎት አሳማኝ ያልሆነ አይምሰለን። ግብር እንከፍላለን ይላሉ፤ ይከፍላሉ። ሰው ቀጥረናል ይላሉ፤ ቀጥረዋል። ከአርሲና ከባሌ ገበሬ የቢራ ገብስ እንገዛለን ይላሉ፤ ይገዛሉ። ስፖርቱን የያዝነው እኛ ነን የሚለውም ከእውነት የራቀ አልነበረም። የክለብ አመራሮችም ይህንን ያውቃሉ፤ የስታዲየም መግቢያ ትኬት የተጫዋች ደመወዝ አይሸፍንም።

የገንዘቡ መሥሪያ ቤት ሌላ ሒሳብ አለው። የኤክሳይዝ ታክስ የሚሰበሰበው ከተሸጠው ቢራ ነው። ማስታወቂያ ቢቀር ሽያጩ በአንድ ሌሊት አይወድቅም። ስለዚህ ክልከላው ለግምጃ ቤቱ ያን ያህል አላስፈራውም ብዬ አምናለሁ። ግብር ይጨምር የሚለው ክርክር በኋላ ሲመጣ ግን ሙቀቱ ሌላ ነበር።

ትምባሆም በዚሁ አዋጅ ውስጥ ነበር። እዚያ ላይ መንግሥት ራሱ ሻጭ ነው። ብሔራዊ የትምባሆ ድርጅትን ለጃፓኑ ኩባንያ ለጄቲአይ እ.ኤ.አ. በ2016 40 በመቶውን በ510 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ደግሞ ወደ 31 በመቶ የሚጠጋ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ጨመረለት። አንድ ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ ተቀብሎ፣ ብዙም ሳይቆይ በዚያው ምርት ላይ ጠንካራ ሕግ ማውጣት የተለመደ ነገር አይደለም። ገዢው ኩባንያ ምን እንደተሰማው ለመገመት ብዙ መጨነቅ አያስፈልግም።

ገዢው ፓርቲስ? እዚህ ላይ ነው ዳሸንን ያዙልኝ ያልኩት። የግንባሩ አንድ አባል ድርጅት በኢንዶውመንቱ በኩል የቢራ ፋብሪካ ድርሻ ነበረው። ፋናና ዋልታም ከገዢው ፓርቲ ጋር የባለቤትነት ትስስር እንደነበራቸው የታወቀ ነው። ኢቢሲ የመንግሥት ቢሆንም ማስታወቂያ ይቀበላል። ድምፅ የሚሰጠው፣ ቢራ የሚጠምቀውና ማስታወቂያውን የሚያስተላልፈው ከአንድ ቤት ነበሩ ማለት ነው። ተቃዋሚ ባይኖርም ተቃርኖ ነበር። ተቃርኖው እዚያው ቤት ውስጥ ነበር።

የተሄደበት መንገድ

የመጀመሪያው እርምጃ ከሌላ ምርት መጣ። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትምባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 አጸደቀች። ይህ ለጤና ወገን ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ በኋላ ጥያቄው መቆጣጠር አለብን ወይ መሆኑ ቀረ፤ የገባነውን ግዴታ መቼ እንፈጽማለን የሚል ሆነ። አልኮል ላይ እንዲህ ያለ አስገዳጅ ዓለም አቀፍ ስምምነት የለም። ግን ሁለቱ በአንድ ረቂቅ ውስጥ ሲገቡ ትምባሆው በከፈተው በር አልኮሉም ገባ።

ረቂቁ ራሱ ስለ ማስታወቂያ የወጣ አልነበረም። የቀድሞውን የምግብ፣ የመድኃኒትና የጤና ክብካቤ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 661/2002 የሚተካ ሰፊ ሕግ ነው። መድኃኒት አለበት፣ ምግብ አለበት፣ የሕክምና መሣሪያ አለበት፣ ትምባሆ አለበት። የአልኮል ማስታወቂያ እዚያ ውስጥ ካሉት አንቀጾች አንዱ ነው። ይህን አንቀጽ የሚቃወም ሰው ስለ መድኃኒት ደህንነት የሚያወራ ሕግ መሀል ገብቶ ስለ ቢራ መከራከር አለበት። ከባድ ቦታ ነው። ብልህ አደረጃጀት ነበር፤ ሆን ተብሎም ይሁን ሳይታሰብ።

ቀጥሎ ጊዜው ራሱ ተለወጠ። በመጋቢት 2010 የመንግሥት መሪ ተቀየረ። ማኅበራትን ያፈነው አዋጅ እንዲሻሻል ተወሰነ። ያን አዋጅ የተካው የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ነው። ቁጥሩን አስተውሉ። የአልኮል ማስታወቂያን የከለከለው 1112፣ የማኅበራትን አፍ የፈታው 1113። ሁለቱም በዚያው ሰሞን፣ በጥር 2011 መጨረሻ ገደማ ነው በምክር ቤቱ የጸደቁት። የጤና ማኅበራት ሙሉ ነፃነታቸውን ያገኙት ይህ ክርክር ካለቀ በኋላ ነው ማለት ነው። በረቂቁ ዘመን የሠሩት በተከፈተው ሳይሆን ሊከፈት ነው በተባለው በር ነው።

ከዚያ የተለመደው የምክር ቤት አካሄድ አለ። ረቂቅ ይቀርባል። ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። ኮሚቴው የሕዝብ አስተያየት መድረክ ይጠራል። ባለድርሻ የተባለ ይመጣል፣ ይናገራል። ኮሚቴው የውሳኔ ሀሳብ ይዞ ይመለሳል። ድምፅ ይሰጣል። ምክር ቤቱ አዋጁን በሙሉ ድምፅ አጸደቀው። ይህን ቁጥር ብቻ የሚያይ ሰው ክርክር አልነበረም ሊል ይችላል። ክርክሩ ግን የነበረው ከድምፁ በፊት ነው። አንቀጹ ውስጥ ምን ይግባ፣ ምን ይውጣ፣ ከመቼ ጀምሮ ይሥራ የሚለው በኮሚቴ ጠረጴዛና በአርቃቂው መሥሪያ ቤት ነው ያለቀው።

የጸደቀው ይዘት ጠንካራ ነው። አልኮል በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከለከለ። እንደ ቢልቦርድ ባሉ የደጅ ማስታወቂያዎች ላይም ገደብ ጣለ። ዕድሜው ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥን ከለከለ። ትምባሆ ላይ ደግሞ በዝግ የሕዝብ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን አገደ። የፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን አዘዘ። ማጣፈጫ የተጨመረበት ትምባሆም ታገደ።

የማስታወቂያው ክልከላ ሥራ ላይ የዋለው በግንቦት 2011 መጨረሻ ገደማ ነው። መሀሉ ላይ ያለው የወራት ክፍተት ውል የማጠናቀቂያ ጊዜ ነበር። ለጣቢያዎቹ ደግሞ የመጨረሻው የመከር ጊዜ።

ፓርቲው ለምን ለቀቀው

ይህ የእኔ ግምገማ ነው። ማንም ነግሮኝ አይደለም።

በወቅቱ ግንባሩ ውስጥ ውስጡን እየተሰነጠቀ ነበር። አባል ድርጅቶቹ እርስ በርስ አይተማመኑም። ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር 2012፣ ግንባሩ ፈርሶ ብልፅግና ፓርቲ ተመሠረተ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉንም የሚያስማማ፣ ሕዝብ የሚወደውና አንድም ክልል የማያስቀይም ሕግ ማግኘት ብርቅ ነው። የቢራ ማስታወቂያ ይቁም ሲባል መስጊዱም ቤተ ክርስቲያኑም ወላጁም መምህሩም እሰይ ይላል። ዋነኛ ተጎጂዎቹ ባለቤቶቻቸው ውጭ አገር ያሉ ኩባንያዎች ናቸው። ድምፅ የላቸውም። ሰልፍ የሚወጣላቸው የለም። አገር ውስጥ ያሉት ተጎጂዎች፣ ማለትም ጣቢያዎቹና ክለቦቹ፣ ደግሞ ቢራ ይተዋወቅልን ብለው በአደባባይ ለመጮኽ ያፍራሉ።

ማፈር የፖለቲካ ኃይል መሆኑን ብዙ ጊዜ እንረሳለን። ጥቅሙን ጮክ ብሎ መናገር የማይችል ቡድን ግማሽ ተሸንፏል። ቢሮ ገብቶ በሹክሹክታ ማሳመን ይችላል፤ ያም ቢሆን ጆሮ የሚሰጠው ሰው ሲያገኝ ነው።

ሚዲያው የት ቆሞ ነበር

ይህን ክፍል ሰፋ አድርጌ ነው የማየው፤ ምክንያቱም በብዛት የሚታለፈው እሱ ነው።

በኤፍ ኤም ሬዲዮ ላይ የሚሰሙት ፕሮግራሞች ሁሉ የጣቢያው አይደሉም። ብዙዎቹ ተባባሪ አዘጋጅ የሚባሉት ናቸው። አንድ የስፖርት ወይም የመዝናኛ አዘጋጅ የአየር ሰዓት ይገዛል። ለጣቢያው በወር የተወሰነ ብር ይከፍላል። ከዚያ ራሱ ስፖንሰር ይፈልጋል። ስፖንሰር ካገኘ ትርፍ አለ። ካላገኘ ከኪሱ ይከፍላል ወይም ፕሮግራሙን ይዘጋል። ትልቁ ጣቢያ ቢራ ሲቀር ሌላ ደንበኛ የሚያፈላልግ የሽያጭ ክፍል አለው። ተባባሪ አዘጋጁ ራሱ ጋዜጠኛ፣ ራሱ ሽያጭ፣ ራሱ ቴክኒሺያን ነው። ቢራው ሲሄድ ቀድሞ የሚያዘነብለው እሱ ነው።

አሁን ይህ ሰው ስለ አዋጁ ዜና ሊሠራ ማይክ ፊት ተቀምጧል እንበል። ምን ይላል? ሕጉን ቢደግፍ የራሱን እንጀራ ይነካል። ቢቃወም ልጆቻችንን ለመጠጥ አሳልፈህ ሰጠህ ይባላል። ቀላሉ መንገድ መግለጫውን እንዳለ ማንበብ ነው። ‹‹ምክር ቤቱ አዋጁን አጸደቀ›› ብሎ ማለፍ። ታማኝ ዜና ነው፤ ስህተት የለበትም። ግን አድማጩ ማወቅ የሚገባውን አንድ ነገር አላወቀም። ዜናውን የሚነግረው ሰው በዜናው ውስጥ ገንዘብ እንዳለው።

የሚዲያ ተፅዕኖ ሲባል ብዙውን ጊዜ የምናስበው ውሸት መንዛትን ወይም ቅስቀሳን ነው። እዚህ ላይ የታየው ሌላ ዓይነት ነው። ሳይጠየቁ የቀሩ ጥያቄዎች። ክለቦቹ በምን ይተዳደራሉ? አነስተኛ ጣቢያዎች በምን ይተካሉ? የተለቀቀውን የአየር ሰዓት ማን ይገዛዋል? እነዚህ በጊዜያቸው በሰፊው ቢጠየቁ ኖሮ ሕጉ ማሸጋገሪያ ይዞ ሊወጣ ይችል ነበር። ስለ ራሱ ኪስ ማውራት ያፈረ ሚዲያ ስለ ሌላው ኪስም ሳይጠይቅ ቀረ።

ምን ሠራ

ክልከላው ተከበረ። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ በአገራችን ወጥቶ መደርደሪያ ላይ የቀረ ሕግ ብዙ ነው። ይህኛው ግን የተከበረበት ምክንያት አለ። የሚቆጣጠረው አካል መቁጠር የነበረበት ጥቂት ደርዘን ጣቢያዎችን ነው። ጣቢያ ፈቃድ አለው፣ አድራሻ አለው፣ ያስተላለፈው ይቀዳል። ያኔ ብሮድካስት ባለሥልጣን የነበረው፣ ከ2013ቱ የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ በኋላ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የሆነው ተቋም ፈቃዱን ይዟል። ፈቃዱን ማጣት የሚፈልግ የለም።

ግብሩም ተከተለ። በ2012 በወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ሲጋራ ላይ 30 በመቶና በፓኬት ተጨማሪ 8 ብር ተጣለ። በመጀመሪያው አዋጅ ጤና የሚለው ቋንቋ ምክር ቤቱ ውስጥ መሠረት ስለያዘ ሁለተኛው ቀሎታል ባይ ነኝ። ምንም እንኳ የሕዝቡ ጆሮ በዚያ አዋጅ ላይ የነበረው አሮጌ መኪና ላይ በተጣለው ታክስ ቢሆንም።

ምን አልሠራም

ዕድሜው ከ21 በታች ለሆነ አይሸጥም የሚለው ከወረቀት ብዙ አልራቀም። መታወቂያ አሳየኝ የሚል ግሮሰሪ የታለ? እዚህ ላይ የሚቆጠሩት ጣቢያዎች አይደሉም። በየመንደሩ ያሉ ግሮሰሪዎች፣ ድራፍት ቤቶችና ኪዮስኮች ናቸው። ያንኑ አዋጅ፣ ያንኑ ተቋም ይዞ አንዱ አንቀጽ ሲሠራ ሌላው የማይሠራው በዚህ ነው።

የቢራው ስምም ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በረንዳ ላይ ያለው ጃንጥላ፣ ወንበሩ፣ ጠረጴዛው፣ ብርጭቆው ሁሉ አርማ አለበት። ከአልኮል ነፃ የሆኑ የማልት መጠጦች ማስታወቂያ በአየር ላይ ጎላ ብሎ መታየት ጀመረ። ማኅበራዊ ሚዲያው ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። ለጥቂት ጣቢያዎች የወጣ ቁጥጥር ስልክ ላይ ሲደርስ ይላላል።

ትልቁ ያልታሰበ ውጤት ግን ኳሱ ላይ ነው የታየው። ቢራ የለቀቀውን ቦታ ውርርድ ያዘው። የስፖርት ውርርድ ቤቶች በከተማው ሁሉ እንደ አሸን ፈሉ። በ2013 የአገሪቱ ትልቁ ሊግ ራሱ ‹‹ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ›› ተብሎ ተጠራ። በቢራ ይተዋወቅ የነበረው ጨዋታ በቁማር መተዋወቅ ጀመረ። ልጁን ከማልያው ላይ ካለ ጠርሙስ ለማዳን ተሠርቶ፣ ማልያው ላይ የውርርድ ድርጅት ስም ተለጠፈ። ስፖርቱ የገንዘብ ችግሩን አልፈታም፤ ከፋዩን ነው የቀየረው። ክለቦቹን አልወቅስም። ሌላ ማን መጣላቸው?

ለሌላ ጉዳይ የሚጠቅመው

ሕግ ላይ ተፅዕኖ ማሳደር የሚፈልግ ማኅበር፣ ተማሪም ሆነ ጋዜጠኛ፣ የድምፅ ቆጠራውን ሳይሆን ከእሱ በፊት ያለውን ይከታተል። ማን ረቂቁን ጻፈው? ለየትኛው ኮሚቴ ተመራ? አስተያየት መድረኩ ላይ ማን ተጠራ፣ ማን ሳይጠራ ቀረ? በመድረኩ ላይ የተነሳው ነጥብ በመጨረሻው ጽሑፍ ላይ ገባ ወይስ ተጣለ? ረቂቁንና የጸደቀውን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማንበብ አሰልቺ ሥራ ነው፤ ግን የጥቅም ቡድን አሻራ የሚገኘው እዚያ ነው። አንድ ቁጥር፣ አንድ ትርጓሜ፣ ሥራ ላይ የሚውልበት አንድ ቀን። ቢራን ለዓመታት ያሳለፈችው 12 በመቶ የምትለው ቁጥር መሆኗን ማስታወስ ይበቃል።

አንድ ፓርቲ ሁሉን ሲይዝ የጥቅም ፉክክር ቆመ ማለት አይደለም። ፓርቲው ውስጥ ገብቶ ይካሄዳል። ስለዚህ የፓርቲው ኢንዶውመንት ምን ንግድ ውስጥ አለ፣ የትኛው ሚኒስቴር ከየትኛው ኩባንያ ገቢ ይሰበስባል የሚለው ከፓርቲ ፕሮግራም በላይ ይናገራል። አዲስ አበባ ላይ የሠራው ይህ ጥያቄ አንድ ፓርቲ በገነነበት በየትኛውም ምክር ቤት ይሠራል።

የጤና ወገኖች ያሸነፉት በገንዘብ አይደለም። ሦስት ነገር ገጠመላቸው። የተፈረመ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነበራቸው። ጉዳያቸው በሰፊ ሕግ ውስጥ ተጠቃሎ ገባ። ተቃዋሚዎቻቸው በአደባባይ ለመከራከር የሚያፍሩበት ርዕስ ሆነ። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር። የስኳር መጠጥ ላይ ተመሳሳይ ክርክር ቢነሳ ለምሳሌ ሦስተኛው የለም፤ ለስላሳ ጠጣ ብሎ ለማስተዋወቅ የሚያፍር የለም።

ጋዜጠኞችን በተመለከተ የምለው አጭር ነው። ጣቢያህ በዜናው ገንዘብ የሚያገኝ ወይም የሚያጣ ከሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገር። ‹‹ይህ ጣቢያ ከቢራ ማስታወቂያ ገቢ ያገኛል›› ብሎ ዜናውን መቀጠል አምስት ሰከንድ አይፈጅም። አድማጩ የቀረውን ራሱ ይመዝናል።

ክልከላ የሚያረቅ ሰው ደግሞ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ይጠይቅ። ማስታወቂያ ሲከለከል ገንዘቡም፣ የአየር ሰዓቱም፣ ማልያውም ባዶ አይቀሩም። የውርርድ ማስታወቂያን በተመለከተ ነገሩ ከቢራው የበለጠ የተወሳሰበ ነው። ቢራን የሚቆጣጠረው የጤና ተቋም ነው፤ ከቢራ ሽያጭ ገቢ አይሰበስብም። ለውርርድ ድርጅቶች ፈቃድ ይሰጥ የነበረው ግን የብሔራዊ ሎተሪ አስተዳደር ነው። ሎተሪ የሚሸጥ፣ ለመንግሥት ገቢ የሚያመጣ ተቋም። ጤና የሚለው ቋንቋ እዚያ ቢሮ ብዙ አድማጭ የለውም። ቀጣዩን ረቂቅ የሚጽፍ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው የትኛው መሥሪያ ቤት ያርቅቀው የሚለውን ነው።